ባቡር በሄደበት በብስክሌት፦ ከሽርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል

(በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአማርኛ ከተደረገ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አብዛኞቻችን የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ፎልስ ቸርችና አናንዴል አካባቢ ነው። ሥራ ስንሄድ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ስናመጣ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ስንመለስ ብዙ ጊዜ የምናቋርጠው አንድ መንገድ አለ። ብስክሌተኛው፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋው እናት፣ ውሻ የያዙት ሽማግሌ እስኪያልፉ መኪናችንን አቁመን እንጠብቃለን፤ ካለፉ በኋላ ወደየጉዳያችን እንሄዳለን። መንገዱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም።

ስሙ ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚንየን ነው፤ ሰዉ አሳጥሮ ደብሊው ኤንድ ኦዲ ይለዋል። አርሊንግተን ውስጥ ከሽርሊንግተን ይነሣና ወደ ምዕራብ 45 ማይል፣ ማለትም 72 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ፐርሰልቪል የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ያበቃል። ከነዳርና ዳሩ ስፋቱ 100 ጫማ፣ ወይም 30 ሜትር ገደማ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ወገብ ላይ እንደ መቀነት የተጠመጠመ መናፈሻ ነው ብትሉት ያስኬዳል። መሐሉ ላይ አስፋልት አለ። ከቪየና ጀምሮ ደግሞ በአስፋልቱ ጎን ለፈረስ ተብሎ የተሠራ የጠጠር መንገድ 32 ማይል ያህል አብሮት ይሄዳል። በዚህ ሁሉ ላይ መቶ ዓመት ያህል ባቡር ሲሄድበት ኖሯል።

ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይህ መንገድ ዛሬ እኛ እጅ የገባው ባቡሩ በቆመ ጊዜ መሬቱ ስላልተቆራረጠ ነው። አስፋልቱ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያ ቢዘገይ ጉዳት አልነበረውም። መሬቱ በየቁራጩ ተሸጦ ቢሆን ኖሮ ግን ማንም ገንዘብ ያለው ሰው መልሶ ሊገጣጥመው አይችልም ነበር። ይህን የምለው የቨርጂኒያን ታሪክ ለማውራት ያህል አይደለም። እኛም አገር አሮጌ ሐዲድ አለን፤ ወደ እሱም እመጣለሁ። የምጠራቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግን ስለ መንዳቱ እንነጋገር፤ ያልነዳ ሰው የቀረው ነገር ሁሉ አይጥመውም።

ከመካከላችሁ ብስክሌት ከልጅነት ወዲህ ያልነካ ሰው “የኔ ጉልበት ይህን ይችላል ወይ?” ብሎ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። መልሱን የሚሰጠን የባቡር አሠራር ነው። የባቡር ጎማ ብረት ነው፣ የሚሄድበትም ሐዲድ ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ሰበቃው እጅግ ትንሽ ነው፤ አንድ ሎኮሞቲቭ ያን ሁሉ ፉርጎ መጎተት የሚችለውም ለዚህ ነው። ዳገት ላይ ግን ያው የሰበቃ ማነስ ጠላት ይሆንበታል፤ ጎማው መቆንጠጥ ያቅተውና ይንሸራተታል። በመቶ ሜትር ውስጥ ሁለት ሜትር ከፍ የሚል መንገድ ለመኪና እንደ ሜዳ ይቆጠራል፤ ለባቡር ግን ትልቅ ዳገት ነው። ስለዚህ የሐዲድ መሐንዲሶች ጉብታ ሲያጋጥማቸው ይቆርጡታል፣ ጎድጓዳ ሲያጋጥማቸው በአፈር ይሞሉታል፣ ኩርባውንም ሰፋ አድርገው ቀስ እያለ እንዲዞር ያደርጉታል። ያ ሁሉ የቆረጣና የሙሌት ሥራ የተሠራው ለሎኮሞቲቩ ነበር፤ ዛሬ ግን የሚጠቅመው የስድሳ ዓመት ሰው ጉልበት ነው።

አንድ ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ፣ የሸማንደፈር ሠራተኛ የነበሩ አባት አውቃለሁ። ብስክሌት አይነዱም፤ ሊስበርግ አጠገብ አብረን በእግር ሄደን ነበር። መንገዱ ላይ ጥቂት እንደተራመዱ ቆሙና በዘንጋቸው ግራና ቀኙን እያመለከቱ “ይኼ ተቆርጦ ነው፤ ያ ወዲያ ያለው ደግሞ ከዚህ በወጣው አፈር የተሞላ ነው” አሉኝ። ማንም አልነገራቸውም። እኔ ስንት ጊዜ ሳልፍበት አንዱን ከሌላው ለይቼ አላየሁትም ነበር። ከዚያም “ባቡር ዳገት አይወድም፤ መሐንዲሱ መሬቱን መለመን አለበት” አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ መንገድ ስነዳ ዐይኔ የሚፈልገው ያንን ነው፤ የት ተቆረጠ፣ የት ተሞላ።

ከምሥራቅ ስትነሡ የመጀመሪያዎቹ ማይሎች ከተማ ናቸው። ፎር ማይል ራን የሚባለው ወንዝ አብሯችሁ ይሄዳል፤ አውራ ጎዳናው ይሰማል፣ ድልድይ ሥር ትገባላችሁ ትወጣላችሁ። ፎልስ ቸርች ስትደርሱ እግረኛውና ብስክሌተኛው መንገድ ተለይቶላቸዋል፤ በጣም ደግ ሥራ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሲበዛ ጥቅሙን ታዩታላችሁ። በየግማሽ ማይሉ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ስላለ የት እንዳላችሁ አትስቱም። ቪየና ላይ አሮጌው ባቡር ጣቢያና ቀይ ፉርጎ ቆመው ይጠብቋችኋል። ሕፃናት ፉርጎውን ሲያዩ የሚያደርጉት ደስታ የወላጅን ድካም ያስረሳል። ሄርንደንም እንዲሁ የድሮ ጣቢያዋን ጠብቃ አሁን ሙዚየም አድርጋዋለች።

አሽበርን ሌላ ዓለም ነው። ኢንተርኔት የምንለው ነገር ሥጋ ለብሶ የሚታይበት ቦታ ቢኖር እዚያ ነው። መስኮት የሌላቸው ግዙፍ የመረጃ ማዕከሎች ተደርድረዋል፤ በላያችሁ ደግሞ ከፍተኛ ኃይል የሚሸከሙ የኤሌክትሪክ መስመሮች ያልፋሉ። ብዙ ሰው ይህን ክፍል አይወደውም፤ ውበቱን አበላሸው ይላል። እኔ አልስማማም፤ ያ የኤሌክትሪክ መስመር ባይኖር መንገዱም አይኖርም ነበር። ምክንያቱን ቆይቼ እናገራለሁ።

ከሊስበርግ ወዲያ ያለው ግን ልብ የሚያርፍበት ነው። ከከተማዋ ወጥታችሁ ወደ ምዕራብ ስትነዱ ዐይናችሁ “ሜዳ ነው” ይላችኋል፣ እግራችሁ ግን አያምንም። ማርሹን አንድ ታቀልላላችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ደግሞ ሌላ። ምን ነካኝ ብላችሁ ወደ ኋላ ስትዞሩ ነው ምን ያህል እንደወጣችሁ የሚገባችሁ። ሐዲዱ የካቶክቲንን ተራራ የሚሻገርበት ቦታ ክላርክስ ጋፕ ይባላል፤ የመንገዱ ከፍተኛው ነጥብ እሱ ነው። እዚያ ስትቃረቡ መሬቱ በግራና በቀኝ ከፍ እያለ ይመጣል፣ ዛፎቹ ከላይ ይገናኛሉ፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። ከዚያ ከድንጋይ የተሠራ ቅስት ከላያችሁ ታገኛላችሁ፤ የድሮው የጋሪ መንገድ ከላይ፣ ባቡሩ ከሥር እንዲያልፉ የተገነባ ነው። እባካችሁ እዚያ ስትደርሱ ውረዱና ድንጋዮቹን በቅርብ እዩ፤ እያንዳንዱ በእጅ ተጠርቦ ጎኑን ከጎኑ የገጠመ ነው። ቅስቱ የባቡሩን ዘመን ጨርሶ የብስክሌቱን ዘመን ተቀብሏል።

ከዚያ ወዲያ ፒዮንያን ስፕሪንግስ፣ ሃሚልተን፣ እርሻና የፈረስ ግጦሽ፣ ከፊት ለፊት ብሉ ሪጅ ተራራ። ከዚያ ፐርሰልቪል፣ እሷም ከነአሮጌ ጣቢያዋ።

አሁን ወደ ታሪኩ። ይህ ባቡር ከመነሻው ያሰበው ቦታ ደርሶ አያውቅም። የአሌክሳንድሪያ ነጋዴዎች ፈቃዱን ያገኙት በ1847 ነው። ንግዱን ሁሉ የባልቲሞር ባቡር እየወሰደባቸው ስለነበር፣ ዛሬ ዌስት ቨርጂኒያ በሚባለው አገር ካለው ከሃምፕሸር አውራጃ የድንጋይ ከሰል ወደ ወደባቸው ለማምጣት አሰቡ። ለዚህም ኩባንያውን አሌክሳንድሪያ፣ ላውደንና ሃምፕሸር ብለው ሰየሙት። ሥራው በ1855 ተጀምሮ ሊስበርግ የደረሰው በ1860 ነው። በዓመቱ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ።

ሰኔ 17 ቀን 1861 ከአሌክሳንድሪያ የተነሣ ባቡር የሰሜኑን ወገን ወታደሮች ጭኖ ወደ ቪየና እየገሰገሰ ነበር። የኦሃዮ ክፍለ ጦር ሰዎች ናቸው፤ አዛዣቸው ጄኔራል ሮበርት ሼንክ። ሎኮሞቲቩ ከኋላ ሆኖ ነበር ፉርጎዎቹን የሚገፋቸው፤ ስለዚህ ወታደሮቹ ከፊት፣ ክፍት ፉርጎ ላይ ነበሩ። የደቡቡ ወገን ሰዎች የባቡሩን ፉጨት ሰምተው ኩርባው አጠገብ መድፍ ጠምደው ጠበቁ። ባቡሩ ብቅ ሲል ተኮሱበት፣ ስምንት ወታደሮች ሞቱ። ሎኮሞቲቩ ፉርጎዎቹን ጥሎ ወደ ኋላ ሄደ፤ የተረፉት በእግራቸው ተመለሱ። በዓለም የጦርነት ታሪክ ባቡር ለውጊያ ከዋለባቸው ቀደምት ቀኖች አንዱ ነው። ዛሬ በዚያ ኩርባ ላይ ልጆች በትንንሽ ብስክሌት ያልፋሉ። ከጦርነቱ መጀመሪያ ጀምሮ ከቪየና ወዲያ ያለው ሐዲድና ድልድይ በደቡቡ ጦር ትእዛዝ እንዲፈርስ ተደረገ፤ እንደገና እስኪሠራ ዓመታት ወሰደ።

ፐርሰልቪል የደረሰው በ1874፣ ከብሉ ሪጅ ሥር ያለችው ብሉሞንት የደረሰው በ1900 ነው። የሃምፕሸር ከሰል እንደ ራቀ ቀረ፤ በምትኩ መስመሩ ሰውንና ወተትን፣ እህልንና ፖስታን ማመላለሻ ሆነ። ሙቀት የበረታባቸው የዋሽንግተን ሰዎች በበጋው ወራት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ብሉሞንት ይሸሹ ነበር። በ1912 ጆን ማክሊንና ስቲቨን ኤልኪንስ የተባሉ ባለሀብቶች የመሠረቱት ኩባንያ መስመሩን ተረክቦ በኤሌክትሪክ እንዲሄድ አደረገ፤ ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚንየን የሚለው ስምም ያን ጊዜ መጣ። ዛሬ ማክሊን የምትባለው ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚያው ከጆን ማክሊን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሁላችንም ዘመን ታሪክ ነው፤ መኪና መጣ፣ የጭነት መኪና መጣ። ከፐርሰልቪል ወደ ብሉሞንት ያለው ጫፍ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ተነቀለ። የመንገደኛ ባቡር በ1951 አበቃ። መስመሩ በመጨረሻ ዘመኑ ጥቂት ነፍስ ዘርቶ የነበረው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ የግንባታ ዕቃ በማመላለስ ነው። ከአዲስ አበባ ስንመጣ የምናርፍበትን ያን ሜዳ ለመሥራት ይህ ሐዲድ እጁ አለበት ማለት ነው። በ1968 የዕቃ ባቡሩም ቆመ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሰነው።

አሜሪካ በ1916 ገደማ ከ250 ሺህ ማይል በላይ የባቡር መስመር ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙው ተዘግቷል። የአብዛኛው መሬት ወዴት ሄደ? ባቡር ኩባንያዎች ብዙውን መሬት የያዙት በባለቤትነት ሳይሆን የማለፍ መብት ይዘው ነበር። ባቡሩ ሲቀር መብቱ ይቀራል፤ መሬቱም በየጎኑ ላለው ባለ ርስት ይመለሳል። አንዱ አጥሩን ያሰፋል፣ አንዱ ጋራዥ ይሠራበታል፣ አንዱ ይሸጠዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ካርታ ላይ ካልሆነ በቀር መስመር የነበረበት አይታወቅም። ብዙ ዓመት የፈጀ የቆረጣና የሙሌት ሥራ በአንድ የፍርድ ቤት ወረቀት ይበተናል።

ደብሊው ኤንድ ኦዲ ለምን አልተበተነም? ከፊሉ ለአውራ ጎዳና ሥራ ተፈለገ። የቀረውን ረጅሙን ክፍል የገዛው ግን ቬፕኮ የሚባለው የቨርጂኒያ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው፤ የኃይል መስመሩን የሚዘረጋበት ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ አንድ ባለቤት ያለው መሬት ስላስፈለገው ነው። ለመናፈሻ አስቦ አልነበረም፤ ሆኖም መሬቱን ሳይቆርጥ ያዘው። አሽበርን ላይ ያን መስመር ቀና ብላችሁ ስታዩ አትማረሩ የምላችሁ ለዚህ ነው፤ ባለአደራው እሱ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጡት የዚህ አካባቢ የራሳቸው ሰዎች ናቸው። በ1974 ፎልስ ቸርች ውስጥ አጭር ክፍል ለሙከራ ተከፈተ። ሰዉ ወደደው፤ አንድ ጊዜ ከወደደው በኋላ “እስከ የት ይሄዳል?” ማለት ጀመረ። የሰሜን ቨርጂኒያ የክልል መናፈሻዎች ባለሥልጣን፣ ዛሬ ኖቫ ፓርክስ የሚባለው፣ በ1978 ከኤሌክትሪክ ኩባንያው ጋር ተዋውሎ እስከ 1982 ድረስ በየደረጃው መሬቱን ገዛ፤ ዋጋው 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የኃይል መስመሩ በቦታው እንዲቆይ ተስማሙ። አስፋልቱ ፐርሰልቪል የደረሰው በ1988 ነው። ባቡሩ ከቆመ ሃያ ዓመት ሆኖ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ መሬቱ ጠበቀ! ዛሬ በዚያ ገንዘብ በአርሊንግተን ስንት ቤት እንደሚገዛ ቤት የገዛችሁ ታውቁታላችሁ።

የፌዴራሉ መንግሥት ትምህርቱን የወሰደው በ1983 ነው። በዚያ ዓመት የብሔራዊ የእግር መንገዶች ሕግ ተሻሽሎ፣ ባቡር የቆመበት መስመር ወደፊት ለባቡር እንደሚፈለግ ተቆጥሮ በመጠባበቂያነት እንዲያዝ፣ እስከዚያውም እግረኛና ብስክሌት እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። መስመሩ “ተጥሏል” ስለማይባል መሬቱ አይበተንም። ባለ ርስቶች ተከራክረው ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱ በ1990 ሕጉ ትክክል ነው አለ፤ ካሳ የሚገባው ባለ ርስት ካለ ደግሞ ካሳውን የመጠየቅ መንገድ ክፍት ነው። በእኔ እምነት ብልህ ሕግ ነው፤ የባቡሩን ተስፋ አልቆረጠም፣ የሰዉንም ዛሬ አልከለከለም። ዛሬ በአሜሪካ ከሐዲድ የተሠሩ እንዲህ ያሉ መንገዶች ከ2,000 በላይ ናቸው። በዊስኮንሲን ከኤልሮይ እስከ ስፓርታ ያለው፣ ሦስት ዋሻዎች ያሉት፣ በ1960ዎቹ የተከፈተ ቀደምት መንገድ ነው። ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ ደግሞ 150 ማይል የሚሄድ አለ፤ ከዚያ በድሮው የጀልባ ቦይ ዳርቻ ያለውን መንገድ ይዞ እስከ ጆርጅታውን መድረስ ይቻላል። ኢየሩሳሌም ያሉ ወገኖቻችንም ያውቁታል፤ በ1892 የተከፈተው የያፋና የኢየሩሳሌም ባቡር ከተማዋ ውስጥ ይሄድበት የነበረው መሬት ዛሬ የእግርና የብስክሌት መናፈሻ ነው።

አሁን ወደ እኛው ልምጣ።

አጼ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግና ለሊዮን ሼፍኔ የባቡሩን ውል የሰጡት በ1894 ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት። ድሬዳዋን የወለዳት እሱ ነው። ሞጆን፣ አዋሽን፣ መኤሶን ሰው የሚያውቃቸው በእሱ ነው። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የወጣ መስመር ነው፤ ያ ሁሉ የተቆረጠና የተሞላ መሬት የአገራችን ሰው ላብ አለበት፣ በየበረሃው የወደቁትም ብዙ ናቸው።

በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፣ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ጥሩ ነው፤ አገር ያለ ባቡር አይሆንም። አዲሱ ባቡር ግን የሚሄደው በራሱ መስመርና ሰፋ ባለ ሐዲድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ያለው አሮጌው መስመር ባቡር ካየ ዓመታት አልፈዋል። ከለገሃር ተነሥቶ በአቃቂ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በወለንጪቲ፣ በመተሐራ አድርጎ አዋሽ ይደርሳል። ቢሾፍቱ ላይ የሐይቆቹን አገር፣ መተሐራ ላይ የፈንታሌን ተራራ፣ አዋሽ ላይ ገደሉን የሚሻገረውን ድልድይ አስቡት። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለውን የድሮውን የፈረንሳዮች ቡፌ ሆቴል ስንቶቻችን ምሳ በልተንበታል። በብስክሌት አዋሽ ደርሶ እዚያ ጥላ ሥር ቁጭ ማለት ምን ያህል ደስ ይላል!

አንዳንዱ ቦታ ቀላል እንደማይሆን አውቃለሁ። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሐዲዱንም አውራ ጎዳናውንም ሲያስቸግር የኖረ ነው። ቆላው ሙቀቱ ከባድ ነው። “ሕዝቡ ስንት ችግር እያለበት የብስክሌት መንገድ?” የሚል ሰውም አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ንቄ አልመልሰውም። የምለው አሁን አስፋልት ይነጠፍ አይደለም። ቨርጂኒያ ያሳየችን አስፋልቱ ሃያ ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ነው። የማይቆየው የመሬቱ ነገር ነው። ዛሬ የሚያስፈልገው አንድ ውሳኔ ነው፤ የአሮጌው ሐዲድ መሬት ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ አንድ ንብረት ተመዝግቦ እንዳይሸነሸን ማድረግ። እስከዚያው የኤሌክትሪክ መስመርም፣ የውኃ ቧንቧም፣ የኢንተርኔት ኬብልም ይለፍበት፤ ይህ መንገድ የሚያስተምረው እነዚህ ሁሉ ከብስክሌት ጋር አብረው እንደሚኖሩ ነው።

በዚህ ነገር ከአሜሪካ እኛ የተሻለ ዕድል አለን ብዬ አምናለሁ። እዚህ መሬቱ ወደ ባለ ርስት ስለሚመለስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ አስፈልጎ ነበር። እኛ ዘንድ በ1995ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በሐዲዱ መሬት ላይ የሚመለስለት የጥንት ባለ ርስት የለም። አደጋው ሌላ ነው፤ መስመሩ በብዙ ከተሞችና ወረዳዎች ውስጥ ስለሚያልፍ እያንዳንዱ በየበኩሉ ለሚያስፈልገው ነገር አንድ አንድ ቁራጭ ሊሰጠው ይችላል። ማንም በክፋት አያደርገውም፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ በቂ ምክንያት ይኖረዋል። መስመሩን የሚገድለውም እሱ ነው። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ መሥራት ጀምራለች፤ ለብስክሌት የሚከራከር ሰው ከአሥር ዓመት በፊት ያልነበረው ሰሚ አሁን አለው። ምህንድስና ያጠናችሁ፣ ከተማ ፕላን የምታውቁ፣ ሕግ የተማራችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ናችሁ። አገር ቤት ስትሄዱ፣ የሚመለከታቸውን ሰዎች የማግኘት ዕድል ሲኖራችሁ፣ ይህን አንድ ነገር ብትነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

ግን መጀመሪያ ራሳችሁ ንዱበት። ያልሞከረ ሰው ስለ ሐዲድ መንገድ ቢያወራ አይታመንም።

ለጀማሪ የምመክረው ከቪየና እስከ ሄርንደን ነው፤ በአንድ አቅጣጫ 8 ማይል ገደማ። ሁለቱም ጋ አሮጌ ጣቢያ አለ፣ ሁለቱም ጋ የሚበላ አለ። መሐሉ ላይ ዲፊከልት ራን የሚባል ወንዝ ጋ ትወርዳላችሁ፤ ስትመለሱ መውጣት አለና ጉልበታችሁን ቆጥቡ። መኪና ለማቆም የማይመቻችሁ በሜትሮ ሂዱ፤ ብስክሌት በማንኛውም ሰዓት ይዞ መግባት ይፈቀዳል። በሲልቨር መስመር ዊሊ ሬስተን ኢስት ወርዳችሁ፣ ወደ ምሥራቅ ነድታችሁ ኢስት ፎልስ ቸርች ላይ ሜትሮ መያዝ ትችላላችሁ፤ 12 ማይል ያህል ነው፣ መንገዱን ደግሞ ማንም መሪ ሳያስፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ። ከሊስበርግ ወዲያ ለምትሄዱ ውኃ በደንብ ያዙ፣ መለዋወጫ የውስጥ ጎማና መንፊያ አይጥፋችሁ፤ ሱቁ እየራቀ ይሄዳል።

ሄልሜት ለልጅም ለአዋቂም ነው። እግረኛ ስታልፉ ደወል ደውሉ ወይም እዚህ እንደሚባለው “ኦን ዮር ሌፍት” በሉ፤ ዝም ብሎ አጠገቡ ሽው ማለት ሽማግሌን ያስደነግጣል። መንገዱ አስፋልት ጎዳና በሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ ቁሙ፤ መኪናው አይቶኛል ብላችሁ አትገምቱ። ፈረስ ካያችሁ ቀዝቀዝ ብላችሁ እለፉ። ብስክሌት ለሌላችሁ ደግሞ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ተከራይታችሁ ሞክሩ፤ ለዚህ መንገድ ውድ ብስክሌት አያስፈልግም፣ ፍሬኑ የሚይዝና ማርሹ የሚሠራ ከሆነ ይበቃል።

ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መግቢያ በሮቹንና ማረፊያዎቹን ምልክት ያደረግሁበት ካርታ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።